የእናታችን ሂና የቦነነበት ቀን

ከሚሴ ባለው ግቢያችን ጥግ እናታችን የተከለችው የሂና ዛፍ አለ። «የልጆቼ እጅ ከሱቅ በመጣ ሂና አይቀላም» ትል ነበር። ለእኔ ሰርግ ቃሏን ጠብቃለች። የታናሽ እህቴን ሳታይ ግን አረፈች፣ አላህ ይዘንላት።

የእህቴ ሰርግ ሲቃረብ ሙሽራዋ ወርቅም ቀሚስም አልጠየቀችም። እጇም እግሯም ከእናቷ ዛፍ በተቀጠፈ ሂና እንዲቀላ ብቻ ፈለገች። በቱቦ የሚሸጥ አለ ብንላት አኮረፈች። በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናቡ ስለነፈገን ዛፉ የሰጠን ቅጠል ትንሽ ነበር። እሷው ለቅማ፣ ፀሐይ እንዳያየው ጥላ ላይ አስጥታ አደረቀችው።

ሂና መውቀጡ ቀላል ነው፤ ሰውን የሚፈትነው መንፋቱ ነው። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በስስ ሻሽ ይነፋል። ሻካራው ቆዳ ላይ ደርቆ ይረግፋል እንጂ እንደ ልብ አያቀላም። የላመው ግን ሲለወስ ልስልስ ብሎ ቆዳው ላይ ይጣበቃል፣ ቀለሙንም ሳይሰስት ይለቃል። ችግሩ የላመ ነገር መሬት አለመውደዱ ነው። ሻካራው ከእጅ ሲያመልጥ እዚያው እግር ሥር ይወድቃል፤ የላመው ትንሽ ትንፋሽ ካገኘ ተነሥቶ ይሄዳል።

ለዚህ ነው አዳዳ ሂና ሲነፋ ሕግ የምታወጣው። አዳዳ የምንላት የአባታችንን እህት ነው። በርና መስኮት ይዘጋል፣ የሚያስነጥሳት ውጪ ትወጣለች፣ ሣቅ ፈጽሞ ክልክል ነው። እኔ ደግሞ አትሳቂ ሲሉኝ ነው ሣቄ የሚመጣው፤ ሁለት ጊዜ በዓይኗ ገሥጻኛለች።

ለእህቴ ሂና ልንነፋ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በተሰበሰብንበት ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። የተዘጋው ክፍል በቆርቆሮው ሥር እንደ ምድጃ ግሏል፤ ላባችን በአገጫችን ይንጠባጠባል። አባዬ ይህን አይቶ አዘነልንና ከሱቁ ትልቁን ቬንትሌተር ተሸክሞ መጣ። ሰካው፣ ማብሪያውንም ተጫነው።

«አባዬ፣ መብራት የለም እኮ» አልኩት።

«ሲመጣ ይሠራላችኋላ!» ብሎ ወጣ።

እኛም ረሳነው። መብራት ከጠፋ በኋላ ምኑ እንደተከፈተ፣ ምኑ እንደተዘጋ ማን ያስታውሳል?

የዐስር አዛን ሲል አባዬ ውዱእ አድርጎ፣ ነጭ ጢሙ ውኃ እያንጠባጠበ በሩን ከፈተ። ቆቡን ፈልጎ ነው። በዚያች ቅጽበት መብራት መጣ። እኛም እንደ ከሚሴ ሰው ሁሉ «መብራት መጣ!» ብለን በአንድ ድምፅ ጮህን፤ እንዲያውም አንዷ እልል ብላለች። እልልታዋን ሳትጨርስ ቬንትሌተሩ ዞረና ሂናው ቦነነ።

ሻካራው አንሶላው ላይ ቀረ። ከሱ የደቀቀው ጉልበታችን ላይ አረፈ። ያ ስንት የደከምንበት የላመው ግን አረንጓዴ ጭጋግ ሆኖ ክፍሉን ሞላው፣ በሻሻችንና በፊታችን ላይ አለፈ፣ እስከ በሩ ደርሶ አባዬን አለበሰው።

«እማ!» አለች እህቴ።

ዘልዬ ቬንትሌተሩን ነቀልኩት፤ በርግጫ ልለውም ከጅሎኝ ነበር። አባዬ «አስተግፊሩላህ» እያለ ልብሱን አራገፈና ሰላቱ እንዳያልፈው ወደ መስጂድ ሮጠ። አዳዳ በሩን ዘጋች።

«ማንም እንዳትነቃነቅ! ይስከን፣ ማሎ!» ብላ ተማፀነችን።

ተቀመጥን። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ ብናኙ ይታያል፤ አይወርድም፣ አይወጣም፣ እዚያው ይንሳፈፋል። እንደዚያ ቀን አቧራ በትዕግሥት አይቼ አላውቅም። ሰክኖ ሲያልቅ ሻሻችንን አንድ በአንድ ፈተን አንሶላው ላይ አራገፍን፣ የቀረውን ሻካራ እንደገና ወቀጥን፣ እንደገና ነፋን። በጥቁር ሻይና በሎሚ ተለወሰ።

እህቴ ሳህኑን አዘንብላ አየችው። «ለእጄ ይበቃል። እግሬ ላይ ስንደርስ ግን ያልቃል።»

«ኢንተላ፣ አላህ ሳይደግስ አይጣላም» አለቻት አዳዳ፤ ልጄ ሆይ ማለቷ ነው። ይህን ስትል ቀና ብዬ አየኋት። ላቧ ላይ ያረፈው ብናኝ ቀለሙን መልቀቅ ጀምሯል፤ አፍንጫዋ ብርቱካንማ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ሕግ የሚባል አልቀረም። እርስ በርሳችን እየተያየን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሙሽራዋ ብቻ አልሳቀችም።

አባዬ ከሰላት በኋላ ከሰዎች ጋር ጨዋታ ይዞ ኖሮ ዘግይቶ ተመለሰ። ሳየው አፌን በእጄ ያዝኩ። ብናኙ እርጥብ ጢሙ ላይ ተጣብቆ ስለቆየ ነጩ ጢም ዝንጉርጉር ሆኗል። እማ ጢሙን በሂና እንድታቀላለት ለምናው ለምናው «ሽበቴ ክብሬ ነው» እያለ ያሳፈራት ሰውዬ! ቶሎ ውኃና ሳሙና ይዤ ሮጥኩ።

እሱ የሙሽራዋን መስታወት አንሥቶ ረጅም ጊዜ ራሱን አየ። ሊቆጣ ነው ብለን ተሸማቀቅን።

«ዲሲ፣ ተዪው» አለኝ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ሳሙናውን በእጁ ገፍቶ። «ዕድሜዋን ሙሉ ስትለምነኝ እምቢ አልኳት። ዛሬ ሳታስፈቅደኝ ቀባችኝ።»

ከዚያ ምንጣፉ ላይ፣ እህቴ ፊት ተቀመጠና አገጩን ሰጣት። «ዝንጉርጉር ሆኜ እንግዳ አልቀበልም። ጨርሺው።»

እህቴ ሳህኑን አየች፤ ለጢሙ የሚሄደው ከእግሯ ድርሻ ነው። ጣቷን ነክራ ጀመረች። ጢሙን ስትቀባው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፣ እኔ ደግሞ አለቀስኩ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን አገጩን አቀናላት።

በሰርጉ ዕለት የአባዬ ጢም እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። የእህቴ እጅ ጠቆር ብሎ አምሯል፣ እግሯም ከፊት አምሯል፤ ተረከዟ ግን ሳይቀባ ቀርቷል። ጨፋ ሮቢት የሙሽራው ቤት ስንደርስ አንዲት ነገረኛ ሴት እግሯን አየችና «ሂናው አለቀባችሁ እንዴ?» አለች። ለመልስ አፌን ስከፍት እህቴ ቀደመችኝ።

«ወላሂ አላለቀም» አለች ተረከዟን ብድግ አድርጋ እያሳየች። «የዚህ ድርሻ አባዬ ጢም ላይ ነው። ከሚሴ ሂጂና እዪው።»