በአፌ ውስጥ የቀረ ጥያቄ

ይህን እስከ ዛሬ በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማስቀየሜን ስናዘዝ እንኳ ይህችን ግን ከምላሴ ሥር ደብቄያት ኖሬያለሁ። እናንተ የምታነቡት ፍረዱኝ፤ አታባብሉኝ።

ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንዲት የውጭ አገር ባለሙያ ወደ እኛ መጣች። በየአገሩ ያሉ ኩባንያዎች ሁሉም በብዛት የሚያመርቱትን አንድ የነቀዝ መድኃኒት ደኅንነቱን በጋራ ለመመርመር ተስማምተው ኖሮ፣ እሷን የላኳት እነሱ ናቸው። ላብራቶሪ የሚያሳየውን ያውቃሉ፤ ገበሬው ቤቱ ወስዶ ምን እንደሚያደርገው ግን አያውቁም። እሱን ልትጠይቅ ነው የመጣችው። አስተርጓሚዋ መንገድ ላይ ታሞ ስለቀረ እኔ ተጠራሁ። ኩራቴን ምን ልበላችሁ!

ከገባንባቸው ቤቶች አንዱ የአክስቴ የእትዬ ማንጠግቦሽ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገብስና ባቄላ እያመረቱ የመጨረሻ ልጃቸውን ጥሩወርቅን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ባለሙያዋ ያን የነቀዝ መድኃኒት ዱቄት ለምን ለምን እንደሚጠቀሙበት ጠየቀች፤ ተረጎምኩ። አክስቴ ምንም ሳይደብቁ መለሱ።

«ለጎተራው ነዋ። ደግሞ ጥቂት በቅቤ ለውሼ የልጅቱን ራስ እቀባታለሁ፤ ቅማሉን ድራሹን ያጠፋዋል። ይጎዳት ይሆን እንዴ? እስቲ ጠይቅልኝ፣ የኔ ልጅ።»

አፈርኩ። እውነቱ ይኸው ነው፤ አፈርኩ። የገዛ አክስቴ መርዝ በቅቤ ለውሰው ልጃቸውን ይቀባሉ ብዬ ለፈረንጇ ልንገራት? ምን ትለናለች? እኔንስ ከየት የወጣ ነው ትለኛለች? እናም እኔ መምህሩ፣ እኔ የተማርኩት፣ «ለእህል ብቻ ነው የምንጠቀምበት፤ ልጆች አጠገቡ አይደርሱም ይላሉ» ብዬ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። የባለሙያዋ ፊት በራ። ወደ አክስቴ ዞራ፣ ከሾፌሩ በለመደቻት አማርኛ «ጎበዝ!» አለቻቸው።

አክስቴ ፈገግ አሉ። ጥያቄያቸው የተመለሰላቸው መሰላቸው። እንደመሰላቸውም ከፊታቸው አነበብኩ። አነበብኩና ዝም አልኩ። ስንወጣ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቼ «እትዬ፣ ይተዉት፣ መርዝ ነው» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? መኪናው ተነሥቶ ነበር፤ ሮጬ ገባሁ።

ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት ሊከፈት ሲል አክስቴ ልጃቸውን ማሰናዳት ያዙ። ቀድሞ እየፈሩ በጥቂቱ የሚነካኩትን ዱቄት አንድ ቀን የፈረንጇን «ጎበዝ» አምነው አብዝተው ቀቧትና ራሷን በሻሽ ጠቀለሉላት። ሰው ሲጠራኝ ተማሪ ከምንመዘግብበት ትምህርት ቤት በሩጫ ወጣሁ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያመጧት ቃሬዛ መሬት ላይ ነበር። ጥሩወርቅ አረፋ ደፍቃ፣ ጣቶቿ ተኮማትረው፣ ሻሹ ገና ከራሷ ሳይፈታ ሞታለች። ያቺ የተናገርኳት ውሸት ሰው ትገድላለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግን ይህ ምን ያደርግልኛል? አለማሰቤ አይደል እንዴ የገደላት?

የጤና ባለሙያው ምን እንደነካት ሲጠይቅ አክስቴ ከድንጋጤ የተነሣ እንባ እንኳ አልወጣቸውም።

«ፈረንጇ ሰምታ ጎበዝ ያለችኝን ነው የቀባኋት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ነበርክ አይደል? ንገራቸው እንጂ!»

«ነበርኩ» አልኩ።

ለቅሶው ላይ ተቀምጬ አክስቴ ደረታቸውን እየደቁ «በገዛ እጄ!» ሲሉ ሰማሁ። ጎረቤቱ «የተማረ ሰው እንዲህ አርጊ አይልም፤ ሳትጠይቅ ነው የቀባቻት» ሲል ሰማሁ። እኔ ሰማሁ፤ እኔ አውቅ ነበር፤ እኔ ዝም አልኩ። ከዚህ የባሰ ምን አለ? ልጃቸውን የወሰድኩባቸው ሳያንስ ጥፋቴን አሸከምኳቸው።

ከተዝካሩ በኋላ እህልም እንቅልፍም እምቢ አለኝ። መጀመሪያ ለባለሙያዋ ደውዬ ነገርኳት። ወዲያው «ሌሎቹስ ቤቶች? እዚያም የቀየርከው አለ?» አለችኝ። ነበረ። ኩባንያዎቹ እኔ ያልኩትን አምነው በአካባቢያችን ዱቄቱ ከልጆች ርቆ ይቀመጣል ብለው ደምድመው ነበር፤ ያንን ሰርዘው በሌላ አስተርጓሚ እንደገና ያስጠይቁ ጀመር።

በማግስቱ ወደ አክስቴ ሄድኩ። ባቄላ ይለቅሙ ነበር። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ተናገርኩ። እጃቸው ቆመ።

«እንግዲያ ጠይቄ ነበራ» አሉ።

«ጠይቀው ነበር፣ እትዬ።»

«ሰው ሁሉ አልጠየቅሽም ሲለኝ፣ እኔም መጠየቄን ተጠራጥሬ ነበር።»

ይቅር ይበሉኝ ብዬ ለመንኩ። እግራቸውን ከእጄ ሳብ አደረጉት። «እኔን አትለምነኝ። ሂድና ለሰው ንገር» አሉኝ።

ይቅር አላሉኝም፤ የማለት ዕዳም የለባቸውም። የስማዳ፣ የጋይንት፣ የእስቴ ሰዎች ሆይ፣ ስሙኝ። እትዬ ማንጠግቦሽ ጠይቀው ነበር። ያልጠየቅኩላቸው እኔ ነኝ።