የእማማ አመነች ስም ከገረሴ እስከ ሴቻ

ገረሴ፣ ንጋት 11፡30

ጉሙ ከእንሰቱ ላይ አልተነሳም። ሚኒባሱ ውስጥ ከምህረት ጎን ተጨናንቄ ተቀምጫለሁ። ምህረት የመሬት ምዝገባ ባለሙያ ናት። እኔ የቀበሌው መሬት ኮሚቴ አባል ነኝ፤ ማለት፣ አበል የሌለው ለፊ። ታብሌቱን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች።

ውስጡ የጎረቤታችን የእማማ አመነች ማሳ መዝገብ አለ። ባላቸው ሲሞቱ ዋናው መዝገብ ላይ የሰፈረው የባልየው ወንድም ስም ነው። ትናንት ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ውሸት በማይነገርበት ሜዳ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «የሷ ነው» አለ። ወንድምየውም አንገቱን ደፍቶ አመነ። ምህረት እዚያው ታብሌቱ ላይ አረመችው። ችግሩ፣ እኛ ዘንድ ኔትወርክ የለም። እርማቱ ታብሌቱ ውስጥ ብቻ ነው። የይዞታ ደብተሩ ደግሞ ነገ የሚታተመው ከተማ፣ ሴቻ ካለው ዋና መዝገብ ነው። ዛሬ ካልገባ ያው የወንድምየው ስም ይታተማል።

«ጋሼ፣ ሰውየው አምኖ የለ? ምን ያስፈራዎታል?» አለኝ ሾፌሩ።

«ሰው ያምናል። ወረቀት እጁ ሲገባ ይረሳል።»

አውቀዋለሁ። ማንበብ ሳልችል በአውራ ጣቴ የፈረምኩት ወረቀት የወንዝ ዳሩን ማሳዬን በላው። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በአርባ ዓመቴ፣ በንዴት።

ቁልቁለቱ፣ ጠዋት 2፡00

አቧራ፣ ኮረኮንች፣ ከታች የጫሞ ሐይቅ። ጋቢዬን አወለቅኩ። መንገድ ዳር ሙዝ ተከምሯል። የምህረት ስልክ ኔትወርክ አገኘ።

«በይ ላኪው!»

«ቢቆረጥስ ጋሼ? ግማሽ ስም ይዘን እንግባ?»

እውነቷን ነው።

ሴቻ፣ 4፡30

የመዝገቡ ሠራተኛ ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። የቀበሌያችን እርማት አንድ በአንድ ገባ። አንዱ ቆመ። የማን? የእማማ አመነች!

ስክሪኑ ላይ፦ «ይህ መዝገብ እርስዎ ከወሰዱት በኋላ በሌላ ሰው ተቀይሯል። የትኛው ይቆይ?»

«ዋናው ላይ ያለው ይቆይ፤ በሚቀጥለው ዙር ታርሙታላችሁ» ብሎ ሠራተኛው ጣቱን ሰደደ።

«እጅህን አንሳ! መጀመሪያ አንብበው።»

«አባቴ፣ እርስዎ ያነባሉ እንዴ?»

«አዎ። ስለማነብ ነው የምቆጣው።»

ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። እኛ ተራራ ላይ ሳለን ሌላ ባለሙያ የማሳውን ስፋት አርሟል። ስፋቱን ብቻ። ስሙን አልነካም።

«ስፋቱ የሱ ይግባ፣ ስሙ የኛ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ምን ያጣላቸዋል?»

ምህረት ሳቀች። ሰውየው ጭንቅላቱን አከከና ስፋቱን ከዚያ፣ ስሙን ከዚህ መርጦ አስገባ። «ተመዘገበ» አለ።

«ዝጋው። በሌላ ኮምፒውተር ክፈተው።»

«አያምኑኝም?»

«አላምንህም።»

ተነጫንጮ ከፈተው። የእማማ አመነች ስም እዚያም አለ።

እማማ አመነች ዛሬ ኔትወርክ ያለበት የማክሰኞ ገበያ ወጥተዋል፤ ደወልኩላቸው።

«ዱቡሻ ላይ የተባለው ተጻፈ?» አሉኝ በጋሞኛ።

«ተጽፏል።»

«ማን አየው?»

«እኔ አነበብኩት።»

በገበያው ጫጫታ መሃል ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እስቲ አሁንም አንብበው» አሉ።

አነበብኩላቸው። ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል፣ መጀመሪያ እንደተማርኩት።