ዳኛ የፈረመበት ወረቀት

ለዜግነት ፈተና ስዘጋጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት እማር ነበር። የምታስተምረን ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት ናት። አንድ ቀን መልሶቹን ማስሸምደዱን ተወችና የጥንቱን ጭቅጭቅ አወራችን። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ አንዱ ወገን ጠንካራ መንግሥት ከሌለ አገር ይፈርሳል አለ፤ ሌላው የሕዝቡ መብት የታለ ብሎ ተሟገተ። እኔ ከምሠራበት ከአሌክሳንድሪያ ብዙም በማይርቅ እርሻ ላይ ይኖር የነበረ አንድ ባለጸጋ፣ የመብት ዝርዝር የለበትም ብሎ ሳይፈርም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ማንነቱ ሳይጠቀስ፣ ማስረጃ ሳይቀርብ ሰው መፈተሽንም ይቃወም ነበር፤ ዛሬ ለፍተሻ ዳኛ የፈረመበት ወረቀት የሚጠየቀው ከዚያ የተነሳ ነው አለችን።

"ባሮች ነበሩት?" አልኳት።

"ነበሩት። ብዙ።"

ተናድጄ ወጣሁ። ለራሱ የጠየቀውን ለእነሱ ነፍጓቸዋል። ግን ስለ መብት የተናገረውን ቃል ለእሱ ብቻ ልተውለት አልፈለግሁም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አሌክሳንድሪያ በምሠራበት ሆቴል ፓርኪንግ የእንግዶችን የመኪና ቁልፍ እየተቀበልኩ ሳለ ሁለት የኢሚግሬሽን ሰዎች መጡ። ቢሮ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሠራተኞች ስምና ሺፍት ዝርዝር አምጣ አሉኝ።

"ማንን ነው የምትፈልጉት?"

"ዝርዝሩን ስናይ እናውቃለን" አለ አንደኛው።

አብሮኝ የሚሠራው ኤልሳልቫዶራዊ ቁልፍ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"ዳኛ የፈረመበት ወረቀት ይዛችኋል?" አልኩ።

"አንተ ዜጋ ነህ?"

"ገና ነኝ። ወረቀቱስ?"

አልያዙም። ስሜን ጽፈው ሄዱ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች።

"አብደሃል? የዜግነት ኢንተርቪውህ እኮ ደርሷል! ዝም ብትል ምን ነበረበት?"

"ዝም ማለቱንማ አገራችን እያለን ጠግቤዋለሁ" አልኳት። ራት ሳንበላ አደርን።

በማግስቱ ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ ኮል አደረገልኝና ከዛሬ ጀምሮ ምድር ቤት ነው የምትሠራው አለኝ። እንግዳ የማይወርድበት፣ ቲፕ የሌለበት ቦታ ነው።

"እሺ" አልኩት፤ "ተመልሰው ቢመጡም ግን አልሰጣቸውም።"

በምሳ ሰዓት ኤልሳልቫዶራዊው ምሳውን ይዞ ወረደና አጠገቤ ተቀመጠ። ከሣህኑ ግማሹን ወደ እኔ ገፋልኝ።

ኢንተርቪውን አለፍኩ፤ መሐላውንም ፈጸምኩ። አሁንም ግን ምድር ቤት ነኝ። አለቆቼ ዝርዝሩን ስለከለከልክ ይቅርታ ከጠየቅክ ወደ ላይ እንመልስሃለን ብለውኝ ነበር። አልጠየቅኩም።