የቆርቆሮው ነገር ሲነሳ

ቂልነቴን እኔው ራሴ አስቀድሜ ልናገር፤ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ይሻላል። እኔ ሰው ከሳቀልኝ የሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ጉዳቱ በእኔ ላይ ብቻ ቢቀር ምንም አልነበረ፤ ስንቱ ከዚህ የባሰ ቂልነት ተሸክሞ ልጅ ያሳድጋል፣ ቤት ይሠራል። የእኔው ግን ሄዶ አንዲት ሴት ላይ አረፈ።

ያኔ ከማርቆስ ብዙም በማይርቅ፣ ወደ ጮቄ ተጠግቶ ባለ ወረዳ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ሥራዬ ደብዳቤ መቀበል፣ ቁጥር መስጠት፣ ማኅተም መምታትና ፋይል ውስጥ መክተት ነው። ፍየልም ብትሰለጥን ትሠራዋለች፤ ልዩነታችን ፍየሏ ወረቀቱን ትበላዋለች፣ እኔ ደግሞ ያስቀመጥሁበትን እረሳዋለሁ። በቢሮው የታወቅሁትም በሥራዬ ሳይሆን በአፌ ነው። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ስድስት ወር ቆይቻለሁ። ቁራሽ ልለምን በወጣሁበት ውሻ ነክሶኝ ወደ እናቴ ቤት ተመለስሁ እንጂ፣ ቃል ገልበጥ አድርጎ ሁለት ፍቺ መስጠቱን ቀምሼዋለሁ። ያችኑ ስድስት ወር ዕድሜ ልኬን ስኮራባት ኖርሁ።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ እቃ ግምጃ ቤቱ ነው። ቁልፉን የምትይዘው ሴት የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ አስተማሪ ሆኖ ሲመደብ ተከትላው የመጣች። የከፋው ሰው ካየች «አብሽር» ትላለች። ጥርሴን ሲያመኝ «አብሽር»፣ ደሞዝ ሲዘገይ «አብሽር»። በሥራዋ ግን ቀልድ አታውቅም። አንዲት እስክሪብቶ ልወስድ ስሄድ ሦስት ቦታ ታስፈርመኛለች።

«ምነው፣ ቤት የምሠራባት መሰለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ። አንተ ዝም ብለህ ፈርም።»

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሽቅብ ብርዱ ላይ ላለ ትምህርት ቤት ቆርቆሮ መጣ። ትምህርት ቤቱ የሳር ክዳን ነበር፤ ሳሩም ረግፎ፣ ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ። ወላጆቹ አዲስ ክፍል ራሳቸው እንጨት አቁመው፣ ጭቃ መርገው ጨርሰዋል። የቀረው ቆርቆሮው ብቻ ነው። ሴትዮዋ ቆርቆሮውን ስትረከብ ከሌላ እንዳይቀላቀልባት በእያንዳንዱ ጥግ ላይ በአረንጓዴ ቀለም አንዳንድ ጭረት አደረገችበት።

አንድ ጠዋት ኃላፊያችን አይሱዙ አስከትለው መጡ። «ቶሎ ይጫን፣ ትምህርት ቤቱ እየጠበቀ ነው። ወረቀቱ ከሰዓት ይደርስሻል» አሏት። አለቃ ናቸው፤ ከፈተችላቸው። ለእስክሪብቶ ሦስት ጊዜ የምታስፈርም ሴት ያን ቀን አንዴም አላስፈረመች። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አልደረሳትም፤ ቆርቆሮውም ትምህርት ቤቱ አልደረሰ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ማርቆስ ሄጄ ጥርሴን አስነቀልሁ። አፌን በጥጥ ጠቅጥቀው «ለጊዜው እንዳትናገር» ብለው ሰደዱኝ። ይሄን ትእዛዝ ሚስቴ ብትሰማ ሐኪሙን በመረቀችው። ጉንጬን ደግፌ ወደ መናኸሪያ ስወርድ አዲስ ቤት በሚሠራበት ሰፈር አለፍሁ። አንድ ትልቅ ቤት ግማሹ ጣሪያ ለብሷል። በሩ ላይ ያቺው አይሱዙ ቆማለች። መሬት ላይ ቆርቆሮ ተደርድሯል፤ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ጭረት። ኃላፊያችን ኮታቸውን አውልቀው ሠራተኞቹን ያዛሉ። ሲያዩኝ ደንገጥ አሉ። ኋላ ጉንጬን አዩና ሳቁ።

«ዛሬስ ዘጉልህ አይደል? ጎሽ! ደግ አደረጉ!» ብለው እጄን ጨበጡኝ።

እኔም እጅ ነስቼ አለፍሁ። ጥጡ አፌ ውስጥ ነው፤ ምን ልበል?

ሰኞ ለሴትዮዋ ነገርኋት። በሩን ዘጋችና «በዓይንህ አይተሃል?» አለችኝ።

«በዓይኔ። የተነቀለው ጥርሴ ነው እንጂ ዓይኔማ አለ።»

አልሳቀችም። «ስማኝ፣ ቁልፉ በእኔ እጅ ነው። እኔ ብናገር ራሷን ልታወጣ ነው ይሉኛል። ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ግምገማው ላይ ትናገርልኛለህ?»

«እናገራለሁ።»

«ማል።»

«እመብርሃንን!» አልሁ።

ግምገማ የሚባለውን ለማያውቅ ሰው፣ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ ስለ አለቃውም ስለ ራሱም ጥፋት የሚናገርበት ስብሰባ ነው። ሰብሳቢው ከዞን መጡ። ከወላጆች ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ተቀምጠዋል። የቆርቆሮውን መንገድ ያልሰማ ሰው በከተማዋ አልነበረም፤ ወፍጮ ቤት ይወራል፣ ገበያ ይወራል፣ ጸበል ጸዲቅ ላይ ይወራል። ወላጆቹ የዚህ ግምገማ ነገር ካላማራቸው ሰኞ ተሰብስበው በእግራቸው እስከ ዞን ሊሄዱ ተማምለዋል። አንደኛው ሽማግሌ ተነሱና «ቆርቆሯችን የት ገባ? ሌላ ጥያቄ የለንም» ብለው ተቀመጡ። ሰብሳቢው «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። ከዚያ ሁሉም ጫማውን ያያል።

እጄን አወጣሁ።

የምለውን ሌሊቱን ሳጠናው አድሬ ነበር። «ቆርቆሮውን ማርቆስ፣ ኃላፊያችን በሚያሠሩት ቤት ላይ አይቻለሁ።» በቃ፣ ይችው ናት። ተነስቼ ስቆም ኃላፊያችን ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ዝም ብለው አዩኝ። ልጆቼ መጡብኝ፣ ሥራዬ መጣብኝ፣ ወዲያውም ያቺ ስድስት ወር ቅኔ ከተፍ አለችልኝ።

«እኔ በበኩሌ በኃላፊያችን ላይ ሂስ የለኝም» አልሁ። «ሐቁን እንናገር ከተባለ የቆርቆሮውን ነገር ከማናችንም ቀድመው ያነሱት እሳቸው ናቸው። እኛ ተኝተን ነው እንጂ እሳቸውማ የድሃን ነገር ሳያነሱ የዋሉበት ቀን የለም!»

ስብሰባ ላይ ጉዳይ ይነሳል፤ ግምጃ ቤት ውስጥ ደግሞ እቃ ይነሳል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰው ወንበሩን እስኪለቅ ሳቀ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አፋቸው ላይ ከደኑ። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው ተሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት ኃላፊያችን ናቸው፤ መሐረብ አውጥተው እንባቸውን ጠረጉ። ሴትዮዋ ከፊት ተቀምጣ ነበርና ዞር ብላ አየችኝ። ፈገግ ብላለች፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ገብቷታል ብዬ ጠቀስኋትና ቁጭ አልሁ። ከግራ ከቀኝ ጀርባዬን መቱኝ። እኔ ያን ቀን ጀግና ነበርሁ።

በሦስተኛው ቀን ቃለ ጉባኤው ተጽፎ መጣ። ቁጥር የምሰጠውም ማኅተም የምመታውም እኔ ነኝ። «የመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ኃላፊው የቆርቆሮውን ጉዳይ ከማንም ቀድመው ማንሳታቸውንና ለድሃው ኅብረተሰብ ተቆርቋሪ መሆናቸውን መስክረዋል» ይላል። ተቆርቋሪ! እኔ እንኳ ያላሰብኋት ቃል። ጸሐፊው ከእኔ ሳይሻል አይቀርም። ከታች ደግሞ የንብረቱ ጉድለት በግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ላይ እንዲጣራ ተወስኗል። ማኅተሙን መታሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ቀልዷ ግን ከተማውን ዞረች። ጠላ ቤት ብርጭቆ ሲጠፋ «ማን አነሳው?» «ተቆርቋሪው!» እየተባለ ይሳቃል። ሰኞ መጣ፤ ወደ ዞን የሄደ የለም። ኋላ አንደኛውን ሽማግሌ ገበያ አግኝቼ ብጠይቃቸው «ምን እባክህ፣ ስንስቅ ንዴቱ ወጣልን መሰለኝ» አሉኝ። ትምህርት ቤቱ በዚያ ክረምት እንደገና ሳር ለበሰ። ኃላፊያችን ወዲያው «ለተሻለ ኃላፊነት» ተብለው ተዛወሩ። መሸኛቸው ላይ ያችኑ ቀልድ ራሳቸው አወሯት፤ ከእኔ አሳምረው። አጨበጨብንላቸው።

ሴትዮዋ ታስራ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ለመከላከያ ምስክርነት እኔን ጠራች። ማልሁና ያቺን አጭር ንግግር እንደ ሰው ተናገርኋት። ዐቃቤ ሕጉ ቃለ ጉባኤውን ዘረጋልኝ።

«ይሄ የእርስዎ ቃል አይደለም?»

«ነው፣ ግን እሱ ሰሙ ነው። ወርቁ ሌላ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ማንሳት ሲባል...»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «ይሄ ቅኔ ቤት አይደለም። ማኅተሙስ የማን ነው?»

«የመዝገብ ቤቱ።»

«መዝገብ ቤቱ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ደግሞ ሳቁ። በሕይወቴ ሳቅ ያስጠላኝ ያን ቀን ነው። አንድ ዓመት ከስድስት ወር ፈረዱባት።

እስር ቤት ስንቅ የወሰድሁላት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ለዘበኛው ሰጥቼ ሮጥሁ። ስትፈታ ወደ ወሎ ልትመለስ መሆኑን ሰማሁና ጠዋት ማርቆስ መናኸሪያ ሄድሁ። ከስታለች። ባሏ ትኬት ሊቆርጥ ተሰልፎ፣ እሷ አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ይዛ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ አጠገብ ቆማለች። ሁለቱንም ተቀብዬ ሻንጣውን ለጫኙ አቀበልሁት። ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት ቀልድ መጣብኝ። ዋጥሁት። ሌላ ቃል አጣሁና እንባዬ መጣ።

«አብሽር» አለችኝ።

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

«ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ዞር ብዬ ሳይህ ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ። ፈገግ ብለሽ ነበር።»

«አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አዬ፣ ሰዉን አስቆ ልቡን ከፈተው፤ አሁን ያየውን ይናገራል ብዬ ስጠብቅህ ጠቀስኸኝና ቁጭ አልህ» አለች። ፌስታሉን ከእጄ ወሰደችና የአውቶቡሱን ደረጃ ወጣች። ዞር ብላም «እኔ እኮ ቀልዱ መግቢያው መስሎኝ ነበር» አለችኝ።