በጎን የተሳለው ጓድ

ፊደል አልቆጠርሁም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መሳል ግን ከአባቴ ተምሬያለሁ። በደርግ ጊዜ አንድ ካድሬ መልኩን በከተማው አዳራሽ ግድግዳ ላይ እንድስልለት ከዳባት ደባርቅ አስጠራኝ። መንገዱን ሙሉ ፊቱን እንዴት እንደማሳምርለት ሳስብ ሄድሁ።

ስደርስ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን፣ በጎን የተሳሉ ጢማም የፈረንጅ መሪዎች አሳየኝ። "እንደነዚህ በጎን አድርገህ ሳለኝ፣ ጓድ።"

በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሁለቱም ዐይኖቹ ይታያሉ፤ በጎን፣ በአንድ ዐይን የሚሳለው ሰይጣንና ኃጥእ ነው። አገሬው ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። ቢስቅበት የምታሰረው እኔ ነኝ።

"ጌታዬ፣ ፊት ለፊት ያምርብዎታል" አልሁት።

"ጌታዬ ማለት ቀርቷል። በጎን ብያለሁ።"

ሳልሁት። ከኋላው ያሰለፍኋቸውን ገበሬዎች ግን ባለ ሁለት ዐይን አደረግኋቸው።

በምርቃቱ ዕለት መጋረጃው ሲወርድ ሕዝቡ ያንን አንድ ዐይን ትክ ብሎ አየ። አንዲት አሮጊት ከኋላ እልል አሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ አቀለጠው። ከሳልኋቸው መላእክት አንዱም እንዲህ እልል ተብሎለት አያውቅም።

ካድሬው እንባ አቅርሮ እጄን ጨበጠኝ። "ሕዝቡ እንዲህ እንደሚወደኝ አላውቅም ነበር። በየገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ እንዲሁ አድርገህ ትስለኛለህ።"

ተራራው አናት ላይ እስካለችው እስከ ጊች ድረስ በአንድ ዐይን ሳልሁት።