የባና ካፔምብዋ ሁለተኛ ዲስክ

ከእኔ የልብስ ስፌት ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ጠባብ ክፍል ነበር፤ ቺሶኮኔ ገበያ አጠገብ። እዚያ ውስጥ ባና ካፔምብዋ ጽሕፈት ትሠራ ነበር። የራሷ ስም ጄኔሮሳ ነው፤ ግን በዛምቢያዋ ኪትዌ አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ የምትጠራው በልጇ ስም ነው፤ “ባና” ማለት “የእገሌ እናት” ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ የማዕድን ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ሆና ሠርታለች። ሠራተኛ ሲቀነስ እሷም ወጣች፤ ትጽፍበት የነበረውን አሮጌ ኮምፒውተር ግን ሰጧት።

ማመልከቻም ውልም ትጽፋለች። ስሟ የታወቀው ግን በቀብር ላይ በሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ሰው ሲሞት ዘመዶቹ መጥተው አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ፤ እሷ መነጽሯን አስተካክላ፣ “እሺ፣ ሲስቅ እንዴት ነበር?” ትላለች። የትውልድ ቀኑን የምትጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። የእኔ ስፌት መኪና ሲያርፍ የእሷ ቁልፎች ቀጭ ቀጭ ሲሉ እሰማ ነበር። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

በፈረንጆቹ 2001 የኮምፒውተሯ ዲስክ ሞላ። አዲስ ለመጻፍ አሮጌውን ማጥፋት ግድ ሆነባት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ቀልቶ ሱቄ ገባች።

“ምን ሆንሽ?”

“ዓሣ ሻጩን ሙሶንዳን አጠፋሁት። ሰውየውን ሁለቴ የቀበርኩት መሰለኝ።”

ይህን የሰማ ቺሌክዋ የሚባል የቀድሞ የማዕድን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከተሰበረ ኮምፒውተር የነቀለውን ባለ ስምንት ጊጋባይት ዲስክ ይዞ መጣ። የኮምፒውተሩን ክዳን ፈትቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ አሮጌው ዲስክ በተሰካበት ጠፍጣፋ ገመድ ከጎኑ አገናኘው። ሲያበራው ኮምፒውተሩ አንዱንም አላይ አለ።

“ሁለቱም አለቃ ነኝ እያሉ ነው፤ ከኋላው ያለችውን ትንሽ መሰኪያ ቦታ ልቀይርና አዲሱ ይታዘዝ” አለ።

“ይቺ መሰኪያ እኔና አማቴ አንድ ቤት ስንኖር የት ነበረች?” አለች ባና ካፔምብዋ። ሦስታችንም ሳቅን።

አሁን ሁለቱም ታዩ። በመጣው ዲስክ ላይ የቀድሞ ባለቤቱ ፋይሎቹን ያኖርበት የነበረ ክፍልፋይ ስለነበረ እሱን ደምስሶ እንደ አዲስ መከፋፈል ያስፈልግ ነበር። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። ቺሌክዋ እጁ ፈጣን ነው፤ “ይጥፋ?” ለሚለው እሺታውን ሊጫን ሲል ባና ካፔምብዋ የእጁን አንጓ ለቀም አደረገች።

“ቆይ! መጠኑ ስንት ይላል?”

“ሁለት ጊ...” አለና ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

“ያንተ ስምንት አይደል እንዴ?”

ስክሪኑ ላይ ያለው የእሷ አሮጌ ዲስክ ነበር። ከአራት መቶ በላይ ሰው እዚያ ውስጥ አለ።

“ውይ ባና! ጉድ ሠርቼ ነበር!”

“ተነሥ ከወንበሩ። ከእንግዲህ አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ፣ የምነካው እኔ ነኝ።”

ሁለተኛውን ዲስክ መረጠች፤ መጠኑን ጮክ ብላ አነበበች፤ ከዚያ በኋላ ነው የነካችው። የድሮውን ክፍልፋይ አጥፍታ ዲስኩን ለሁለት ከፈለችው፤ ትንሹ ለሥራ፣ ትልቁ ለሟቾቹ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችና ሁለቱንም አዲስ ክፍሎች ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ጽሑፍ እንዲቀበሉ ማዘጋጀት ጀመረች። የፐርሰንቱ ቁጥር አንድ አንድ እያለ ሲወጣ እኔ የተጠበሰ ካሳቫና ለውዝ አመጣሁ። መቶ ሲሞላ እልል አለች። ሟቾቿን አንድ በአንድ ወደዚያ አዛወረች፤ ማኅደሩንም “ሰዎቼ” አለችው።

በማግስቱ “ሲዲ ማጫወቻዬን ሌባ ወሰደው!” ብላ ስትጮህ ሮጥኩ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ማስቀመጫ የሚጠራው በአንድ ፊደል ነው፤ አዲሶቹ ክፍሎች የማጫወቻውን ፊደል ወስደውበት እሱ ወደ ሌላ ፊደል ተዛውሮ ኖሯል።

ከወራት በኋላ የዓሣ ሻጩ የሙሶንዳ ሴት ልጅ ከሶልዌዚ ከተማ መጣች፤ የአባቷን ታሪክ ፈልጋ።

“አጥፍቼዋለሁ ልጄ” አለቻት ባና ካፔምብዋ፣ ሳትደብቅ።

ልጅቷ አለቀሰች። ባና ካፔምብዋ የምታስታውሰውን መጻፍ ጀመረች፤ የገበያ ሰው ሲሰማ አንድ በአንድ እየገባ የራሱን ጨመረ። ዓሣ ሲመዝን እንደሚዘፍን ልጅቷ አታውቅም ነበር። እንባዋን ጠርጋ፣ “ምን እያለ?” አለች፤ ሽንኩርት ሻጩ ቆሞ ዘፈነላት። የተጻፈው ከፊተኛው በሁለት ገጽ በለጠ።

ከስምንት ዓመት በኋላ ባና ካፔምብዋ ልጇ ዘንድ ሉዋንሺያ ከተማ ልትኖር ሄደች። አሮጌውን ኮምፒውተር ለቺሌክዋ ተወችለት፤ ሁለተኛውን ዲስክ ግን ወገቧ ላይ በምታገለድመው ጨርቅ፣ በቺቴንጌዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ነው አውቶቡስ የተሳፈረችው። ረዳቱ “ላይ ልጫንልዎት” ቢላት፣ “ሰው ጣራ ላይ ይጫናል እንዴ?” አለችው። ክፍሏን ዛሬ ጸጉር ሠሪዎች ይዘውታል። ደጎች ናቸው፣ ሳቃቸውም ደስ ይላል። እኔ ግን የስፌት መኪናዬን አቁሜ ወደ ግድግዳው ጆሮዬን የምሰጥበት ጊዜ አለ።