ቦልቴ ያላሻገራት እሩር

ቦልቴ ጩማ በወላይታ፣ አረካ አጠገብ ባለው መንደሩ ሳለ እሩር አዋቂ ነበር። አዋቂ ስል በዱላ እየለጋ ሜዳ ሙሉ የሚሮጥ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ የሚሮጥማ ሞልቷል። ቦልቴ ከኋላ ነበር የሚቆመው። ከእንጨት ተጠርባ የተድበለበለችውን እሩር በቆልማማ ዱላው አቁሞ ቀና ይላል፤ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ይቃኛል፤ ከጓደኞቹ የትኛው ጠባቂ እንደሌለበት አይቶ ለሱ ይለጋለታል። ወሰን የሚያሻግረው ሌላ፣ የሚዘፈንለት እሱ። በአዲስ ዓመቱ በጊፋታ ሰሞን የሦስት መንደር ሰው እሱን ለማየት ሥራ ፈትቶ ይውል ነበር ይላሉ፤ እኔ ሁለቱን መንደር አምኛለሁ።

ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቦልቴ ነገር እዚያው አረካ ባለቀ ነበር። የእህቱ የሰገነት ጉዳይ ነው ሶዶ ያወጣው። አባታቸው ጩማ የባላምባራስ ጉልላት ገባር ነበር፤ ገባር ደግሞ የሚገብረው እህልና ማር ብቻ አይደለም፣ የቤቱን ሴት ጉልበትም ይገብራል። እናታቸው በየሳምንቱ ሶዶ ወጥታ በባላምባራስ ቤት ትፈጭ ነበር። እሷ ስትሞት ሰገነት በቦታዋ ገባች። የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ የትምወርቅ የልጅቷን እጅ ወደዱት። "ምን አመላለሳት? እዚሁ ትደር" አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ያዘኑላት መስሏቸው ነው። ማደሩ ግን ሁለት ዓመት ሞላው።

ባላምባራስም የራሳቸው ጭንቀት ነበረባቸው። ሶዶ በገና ቀን ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብላ ለሁለት ትከፈላለች። የላይ ሰፈር አባት እሳቸው ናቸው፤ ላይ ሰፈር ደግሞ ሦስት ገና በተከታታይ ተሸንፏል። የተሸነፈ ሰፈር አባት እስኪመሽ ይሰደባል። ሰዳቢው ሎሌም ይሁን ገባር፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ነውና ስቆ መቀበል ነው። ሦስት ዓመት በግድ የሳቀ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ገምቱት። የቦልቴ ዝና ጆሯቸው ሲደርስ ወዲያው አስጠሩት።

በ1925 የገና ዕለት ባላምባራስ በዳማ በቅሏቸው ላይ ሆነው በተጫዋቾቻቸው ፊት ማሉ።

"ቅዱስ ጊዮርጊስን! የማሸነፊያዋን እሩር በገዛ ዱላው ወሰን ላሻገረልኝ ሰው፣ የጠየቀኝን አንድ ነገር እሰጠዋለሁ!"

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። የወንድማቸው ልጅ ማሞ፣ እቤታቸው የሚኖረው፣ ይህን ሲሰማ በቅሎዋን አያት። ያቺን በቅሎ እንደሚመኛት ላይ ሰፈር በሙሉ ያውቃል። ቦልቴ ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ወፍጮ ላይ ያጎነበሰችውን እህቱን አሰበ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ቦልቴም እንደ መንደሩ እሩሯን አቁሞ ቀና አለ። ቀና ማለቴን እንጂ ማየቴን አላስታውስም ይል ነበር ኋላ ሲያወራው፤ ራሱን ያገኘው ሣር ላይ ነው። የመንደሩ ጎረምሶች አይቶ እስኪጨርስ ይጠብቁት ኖሯል ለካ! የታች ሰፈር ሰዎች ግን ዘመቻ የዋሉ፣ ባታቸው የጠጠረ ወንዶች ናቸው። በተለይ የጨው ነጋዴው ተክለጻድቅ ማንንም አይጠብቅም። ቦልቴ ሁለተኛ ወደቀ፣ ሦስተኛ ወደቀ። ወደ መጨረሻው ላይ ማሞ በግራ በኩል ብቻውን ሆኖ "ስጠኝ! አንተ ልጅ፣ ስጠኝ!" እያለ ጮኸ። ቦልቴ አጥርቶ አየው። ነገር ግን መሐላው ትዝ አለው፤ ለማሞ ከሰጠ አሻጋሪው ማሞ ነው። እሩሯን ይዞ ራሱ ሮጠ። ተክለጻድቅ ከጎን ደረሰበት። ቦልቴ ቅልጥሙን ይዞ ሲንከባለል፣ እሩሯ በራሱ በላይ ሰፈር ወሰን በኩል ተሻገረች።

ባላምባራስ አራተኛ ገናቸውን እየተሰደቡ ስቀው ዋሉ። በማግሥቱ ቦልቴን ጠርተው "አንተስ ለመንደር ነው የተፈጠርከው፣ ሂድ ግባ" አሉት፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

አልሄደም። እግሩ ሲድን ከሶዶ ዳር የውጭ አገር ሚሲዮኖች ቤት የሚያሠሩበት ቦታ ድንጋይ አቀባይ ሆኖ ተቀጠረ፤ እሑድ እሑድ እህቱን በአጥር በኩል ያያታል። ድንጋይ ማቀበል ሰልፍ ነው። ከክምሩ እስከ ግንበኛው አሥራ ሁለት ሰው ይቆምና ከእጅ እጅ ያሳልፋል። ቀጣዩ ሰው ዞሮ እጁን እስኪዘረጋ የሚጠብቅ አቀባይ ከኋላው የመጣው ድንጋይ ጎኑን ይለዋል። ቦልቴ በሁለት ሳምንት ለመደው።

አንድ ቀን የሚሲዮኑ አናጢ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሙሴ የሚለው ረጅም ፈረንጅ፣ የቦልቴን የቅልጥም ጠባሳ አይቶ በአስተርጓሚው በቶማ አስጠየቀው። ቦልቴ ከመንደሩ ጀምሮ የሆነውን ነገረው። ሙሴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው።

"በአገሬ እንቁላል የመሰለ የቆዳ ኳስ አለ" አለ። ቶማ ኳስ እንዴት እንቁላል እንደሚመስል አልዋጥልህ ብሎት ሁለቴ አስደገመው። "ኮሌጅ ሳለሁ ከኋላ ቆሜ ኳሷን የማድለው እኔ ነበርኩ። ስሜ በጋዜጣ ይወጣ ነበር። ከዚያ በደመወዝ ከሚጫወቱት ወንዶች ዘንድ ሄድኩ።"

"እሺ?"

"ኮሌጅ ጓደኛዬ ነፃ መሆኑን አይቼ ነበር የምሰጠው። እዚያ ግን እስክታይ የሚጠብቅህ የለም። ሰውየው ሳይደርስ፣ ወደሚደርስበት ነው መስጠት። ለዚህ ደግሞ እንደ ወንድም ልታውቀው ይገባል። እንዴት እንደሚዞር፣ ሲደክመው የትኛውን እግር እንደሚጎትት።"

"አወቋቸው ታዲያ?"

"ሌሎቹ ዓመት ይፈጅባቸዋል እንጂ ይማራሉ። እኔን በአምስተኛው ሳምንት አሰናበቱኝ" አለና ሙሴ መዶሻውን አነሣ። ቦልቴ አዘነለት። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ላይ ድንጋይ ሲያቀብል ግን እጁ ያንን ነገር ቀድሞ እንደተማረው ልብ አለ።

እሑድ ማሞን ፈልጎ ሄደ። ማሞ እንዳኮረፈ ነበር።

"የገና ዕለት ለምን አልሰጠኸኝም?"

"እህቴ ሰገነት እናንተ ቤት ነው ያለው" አለ ቦልቴ። አማርኛው ሴትና ወንድ ሲያደባልቅ ማሞ ሁልጊዜ ይስቅበት ነበር፤ ያን ቀን አልሳቀም። "ባላምባራስን ልቀቁልኝ ልል ነበር።"

ማሞ ሰገነትን በየቀኑ ያያታል፤ የሰው እህት ናት ብሎ አስቦ ግን አያውቅም። ዱላውን አነሣና "ና፣ እንለማመድ" አለ።

ዓመቱን ሙሉ ተለማመዱ። ቦልቴ የላይ ሰፈርን ተጫዋቾች አንድ በአንድ አጠናቸው፤ አብሯቸው በላ፣ አብሯቸው ገበያ ወረደ። ማሞ ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል ግራ ትከሻው ትንሽ ዝቅ እንደምትል ያወቀው በጨዋታ ሳይሆን ከሁምቦ ገበያ በቆሎ ተሸክመው ሲመለሱ ነው።

የ1926 ገና ደረሰ። ባላምባራስ በማሞ ምልጃ ቦልቴን መልሰው አሰለፉት፤ መሐላውንም ደገሙት፤ ማጠፍ ነውር ነው። ቦልቴ አሁን እሩሯን አያቆምም። ገና ስትደርሰው ትሄዳለች፤ ተክለጻድቅ ሲመጣ ባዶ ሣር ይጠብቀዋል። አንድ ለአንድ ሆኑ። በመጨረሻ እሩሯ ቦልቴ ዘንድ ስትመጣ ከፊቱ ከተክለጻድቅ በቀር ማንም አልነበረም፤ ሰውየውም ደክሞታል። ያልፈዋል። ሊያልፈው እንደሚችል ያውቃል፤ እህቱን ከዚያ ወፍጮ የሚለያት ሃያ እርምጃ ነው። በዓይኑ ጥግ የማሞ ትከሻ ዝቅ ስትል አየ። ዕድሜ ልኩን የዚያን ጊዜውን ያህል ጨንቆት አያውቅም። ለጋት፤ ማሞ ወዳለበት ሳይሆን ማንም ወደሌለበት። ማሞ ደረሰባትና አሻገራት።

ላይ ሰፈር ማሞን በትከሻው ተሸከመ። ቦልቴ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ደስ አለው፤ አለቀሰም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

"ጠይቅ፣ ማሞ!" አሉ ባላምባራስ። ሰዉ "በቅሎዋን! በቅሎዋን!" እያለ ቀድሞ መለሰላቸው፤ እሳቸውም ሊወርዱ አንድ እግራቸውን ከእርካቡ አወጡ። ማሞ የበቅሎዋን አንገት ደባበሰ።

"ጌቶች" አለ፣ "ሰገነትን ወደ አባቷ ቤት ይመልሱልኝ። በእሷም ቦታ ሌላ ሴት ከዚያ ቤት አይጥሩ።"

የባላምባራስ ፊት ጠቆረ። ማሞ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አለ፤ ሰዉም ተቀብሎ አስተጋባው። ባላምባራስ ሳቁ። ያን ዕለት ከልባቸው ነው የሳቁት ይባላል፤ እኔ ግን ትንሽ ግድ እንደነበረበት እጠረጥራለሁ። ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

በማግሥቱ ወንድምና እህት ወደ አረካ ወረዱ። ሰገነት መዳፏ ከወፍጮ የተነሣ ጠንክሮ ነበር።

"አንተ ነህ ያሻገርካት?" አለችው በወላይትኛ።

"አይደለሁም።"

"ታዲያ አንተ ምን አደረግክ?"

"ሰጠሁ" አላት። አልገባትም፤ እሱም አላስረዳትም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን መጣ ተብሎ ክተት ታወጀ። ማሞ የዘመተው በእግሩ ነው፤ በቅሎ አልነበረውም። ቦልቴ ስንቁን ተሸክሞ የአንድ ቀን መንገድ ሸኘው። ማሞ አልተመለሰም።

ቦልቴ አርጅቶ የመንደሩን ጎረምሶች ጨዋታ ሲያስተምር እሩሯን ወደ ግራ፣ ባዶ ሣር ላይ የመለጋት ልማድ ነበረው።

"አባ፣ እዚያ እኮ ማንም የለም!" ይሉታል።

"ቆዩ፣ ይደርሳል" ይላቸዋል።